በልግን የመረጠ ደጋ

በታሪክ መጻሕፍት ወሎ ከዝናብ ጋር ስሙ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲጠፋ ነው። ክፉ ቀን፣ የ66ቱ፣ የ77ቱ እያልን የምንቆጥራቸው ዓመታት ሁሉ የተመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው፤ ዘነበ ወይስ አልዘነበም፣ ከዘነበስ ምን ያህል። ከመካነ ሰላም ተነስቶ በሳይንትና በለጋምቦ በኩል እስከ አምባ ፈሪት ለሚወጣው ደጋ ይህ ሚዛን አይበቃም። እዚያ የገበሬውን ዓመት፣ የሚዘራውን እህልና የሚቸገርበትን ወር ሲወስን የኖረው የውሃው ብዛት ብቻ ሳይሆን የወረደበት መልክና ወቅት ነው። ካፊያ ነበር ወይስ ዶፍ? ውሃ ሆኖ ወረደ ወይስ በረዶ? ሰማዩ ሲጠራስ ውርጩ አዝመራውን ቀደመው ወይስ አዝመራው ውርጩን? በእኔ ግምት የደጋው ገበሬ በበልግ ላይ የተንጠለጠለው የክረምት ዝናብ አንሶት አይደለም። ክረምቱ ከዝናብ ጋር አዝሎት የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ ወደ ደመናው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በስተምዕራብ መሬቱ ገደል ለገደል እየወረደ አባይ ዘንድ ሲደርስ ከፍታው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ በሰሜን በኩል በሽሎ ሌላ ጥልቅ ሸለቆ ቆርጦ ከአባይ ይቀላቀላል። በስተሰሜን ምሥራቅ ግን መንገዱ ሁሉ ሽቅብ ነው። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተባለውን የደንቆሮን ጫካ አልፎ፣ አስታና ጓሳ የለበሰውን ጋራ ወጥቶ፣ ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋው በአምባ ፈሪት ራስ ያበቃል። ማሽላ ከሚበቅልበት የአባይ በረሃ ገብስ እንኳ አልበስል ብሎ እስከሚያስቸግርበት ብርዳም ጫፍ ድረስ ያለው ርቀት በአግድም ሲለካ ትንሽ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በቁመቱ ላይ ነው።

እርጥብ አየር ሽቅብ ሲነዳ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ደመና ከመሆኑ በፊት በየሺህ ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል፣ ደመና ከሆነ በኋላ ደግሞ በዝግታ 6 ዲግሪ ያህል ይጥላል። እንፋሎቱ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ አቧራ፣ ጢስና ጨው ዙሪያ ወደ ጠብታነት ይለወጣል፤ ግን እነዚህ ጠብታዎች ከመድቀቃቸው የተነሳ መሬት ሳይደርሱ በአየር ላይ ይዋልላሉ። አንዲት ደህና የዝናብ ጠብታ እንድትወርድ አንድ ሚሊዮን ያህል የደመና ጠብታዎች መጠራቀም አለባቸው። መጠራቀሚያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መጋጨት ነው፤ ትልቁ ትንሹን እየዋጠ ይወርዳል፣ ከዝቅተኛና ስስ ደመና የሚመጣው ካፊያም የዚህ መንገድ ልጅ ነው። ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ1911 ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ጠቆመው፣ በ1930ዎቹ ደግሞ ስዊድናዊው ቶር ቤርዬሮን አብራራው። ከዜሮ በታች በሆነው የደመና ክፍል ያልረጋ ውሃና የበረዶ ቅንጣት ጎን ለጎን ሲገኙ ቅንጣቱ የውሃውን እንፋሎት እየሳበ ያድጋል፤ ከብዶ ሲወርድ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀልጥና ዝናብ ይሆናል። ነጎድጓድ ካለው ደመና የሚወርደው ዝናብ አብዛኛው አንድ ጊዜ በረዶ የነበረ ነው።

የቦረናና የለጋምቦ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሰማይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር መካከል ነው። ከዚያ የምትወርድ በረዶ አባይ ወለል ለመድረስ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ሞቃት አየር ታቋርጣለች፤ ለመካነ ሰላም ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃታል፤ 3,500 ሜትር ላይ ላለ የለጋምቦ የገብስ ማሳ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የአንድ ሳንቲ ሜትር በረዶ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል ስለምትወርድ በደጋው ላይ ለመቅለጥ ያላት ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ያው ደመና፣ በዚያው ሰዓት፣ ቆላው ላይ በጠብታ፣ ከተማው ላይ በጠብታና በበረዶ ድብልቅ፣ ጋራው ላይ ደግሞ በበረዶ ብቻ ሊወርድ ይችላል። ጠንካራ ነፋስ በደመናው ውስጥ ሽቅብ እየገፋ ካቆያት በረዶዋ እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ እየደረበች ታድጋለች፤ ያፈራ ገብስ ላይ ስታርፍም ዛላውን ሰብራ ፍሬውን ታራግፈዋለች። ቆላው የሚፈራው የዝናብ እጦትን ነው። ደጋው ግን የዝናብ ሙላት ባለበት ቀን እንኳ ማሳውን ሊያጣ ይችላል።

ውርጭ ደግሞ ሌላ ነው። ከደመና የሚወርድ ነገር አይደለም፣ እንዲያውም የሚመጣው ደመና ሲጠፋ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ በተዳፋቱ ተንሸራቶ ጎድጓዳው ማሳ ላይ ይተኛል፣ ጤዛ መሆን የነበረበት እንፋሎት ቅጠሉ ላይ በረዶ ይሆናል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት በዚህ ምክንያት ውርጭን ከዝናብና ከበረዶ መዝገብ ያስወጡታል። ለሳይንስ ትክክል ነው፤ ለገበሬው ግን ሁለቱ የአንድ ሂሳብ ገቢና ወጪ ናቸው። ምክንያቱም በከፍታው ቦታ ብርዱ የእህሉን እድገት ያዘገየዋል። በሰኔ የተዘራ ገብስ ወይም ባቄላ እስከ ኅዳር ድረስ ማሳ ላይ ይቆያል፤ መሬቱ ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ከሆነ ደግሞ ዘሩም አዝመራውም ይዘገያል። በሐምሌና በነሐሴ ከላይ በረዶ፣ ከሥር ውሃ፤ ፍሬው ሊጠነክር ሲል ደግሞ ውርጭ። የክረምት እህል በዚህ ደጋ በሁለት ጠላት መካከል ነው የሚያልፈው። በጥር መጨረሻና በየካቲት ተዘርቶ በሰኔና በሐምሌ የሚታጨደው የበልግ ገብስ ግን የጥቅምትና የኅዳርን ውርጭም፣ የክረምቱን ዋና ሙላትም ሳያይ ጎተራ ሊገባ ይችላል። ጃማና ወረኢሉ ሜዳማ ስለሆኑ መፍትሔያቸው ሌላ ነበር፤ ክረምቱ ሲያበቃ በዋልካው ውስጥ በቀረው እርጥበት ምስርና ጓያ መዝራት። ሁለቱም አካሄድ ከክረምቱ ዝናብ ፊት ለፊት ላለመጋጠም የተፈጠረ ዘዴ ነው።

ይህ እውቀት አዲስ አይደለም፤ ከሰማይ የሚወርደውን በመልኩ መለየት በዚህ አገር የቆየ ነው። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ስለ ሰሜን ተራሮች ሲናገር በረዶውን፣ ብርዱንና ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበትን አመዳይ ለየብቻ ይጠራል። ምሉእ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ለበረዶ፣ ለአመዳይ፣ ለጉም፣ ለጤዛና ለዝናብ የየራሳቸውን መንፈስ ይሰጣቸዋል፤ ነፋሳት ከሚወጡባቸው 12 በሮች አራቱ በረከት፣ ስምንቱ ጥፋት እንደሚያመጡም ይዘረዝራል። መጽሐፉ ሳይንስ አይደለም። አንባቢዎቹ ግን ዝናብን በብዛት ብቻ ሳይሆን በዓይነትና በአቅጣጫ ይለዩ ከነበረ አገር መሆናቸው ያስታውቃል። የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ የወሰደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር ተቀምጦ የዝናብ ልክ የመዘገበ ሰው ነው። የሚገርመው በሰሜን ተራሮች ላይ አመዳይ መኖሩን አላመነም፤ እ.ኤ.አ. በ1810 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ተራሮቹን ነጭ ለብሰው አይቶ አስተባበለው። የብሩስ መለኪያ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በታች ያለ መለኪያ የላይኛውን አገር ይናገራል ብሎ ማሰቡ ነው። ይህ ስህተት ኋላም በወሎ ተደግሟል፤ እመለስበታለሁ።

በልጉ ራሱ ከየት ይመጣል? ክረምቱ በዋናነት ከደቡብ ምዕራብ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ እርጥበት ይዞ የአባይን ሸለቆ ተከትሎ ይወጣል። በልጉ ግን ጀርባውን ለክረምቱ የሰጠ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር የተነሳ አየር በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ይወጣል፣ ከሜድትራንያን በኩል የሚሻገር ቀዝቃዛ የላይ አየር ሲያገኘው ወደ ዝናብነት ይለወጣል። ስለዚህ በልጉ ከደሴ በላይ ባለው ደጋና በለጋምቦ ይበረታል፣ ወደ ቦረናና ወግዲ ሲወርድ እየሳሳ ይሄዳል። ምዕራብ ደቡብ ወሎ የሁለት ዝናብ መገናኛ ነው፤ መካነ ሰላም ይበልጥ የክረምቱ፣ የለጋምቦዋ አቀስታ ይበልጥ የበልጉ ናት። በልጉ ለስላሳ ዝናብ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ታሪክ መልስ አላት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁበት የእሮጌ ውጊያ የተካሄደው በነጎድጓድና በዶፍ ውስጥ እንደነበር ከእንግሊዞቹ ጋር የነበሩ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር መድፋቸውን እያስጎተቱ የተነሱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነበር፤ የእንግሊዞቹ ጦር አዛዥ ናፒየርም የቸኮለው ቀጣዩ ክረምት ወንዞቹን ሳይሞላ ለመውጣት ነው። ሁለቱም የሸሹት ክረምቱን ነበር፤ መቅደላ ሥር ያገኛቸው ግን በልጉ ነው።

የሊቃውንቱ የዘመን አቆጣጠርም ለዚህ ደጋ በልክ የተሰፋ አይደለም። ባሕረ ሐሳቡ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ክረምት ይለዋል፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ነው። የለጋምቦ ገበሬ የበልግ ዘሩን የሚጥለው በዚያ በጋ በተባለው ወቅት ውስጥ ነው፤ ጸደይ ሲገባ ገብሱ ማሳ ላይ ቆሟል። እንደ ተድባበ ማርያም ያለ ስመ ጥር ደብር ያለበት የሳይንት አገር የቀን መቁጠሪያውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለእርሻው ግን የጋራውን ሰማይ ነው የተከተለው። የተማረውን ካላንደር አክብሮ በማሳው ላይ ሌላ ካላንደር ማኖር የአላዋቂ ሥራ ሊሆን አይችልም።

ምርጫው ግን ዋጋ አለው። በልግ ከክረምት ይልቅ ተለዋዋጭ ነው፤ አንድ ዓመት ቀድሞ ይገባል፣ ሌላ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። በረዶና ውርጭን የሸሸ ገበሬ ራሱን ለከንቱ ደመና አጋልጧል ማለት ነው። በ1965 በልጉ ከሸፈ፣ በ1966 ረሃቡን ዓለም አወቀው፤ በ1976 በልጉ ከሸፈ፣ 77 መጣ። በ1991 በልጉ ሲቀር የደቡብ ወሎ ደጋ ከፍተኛ ችግር ላይ ወደቀ፤ በ2007 ከኤል ኒኞ ጋር ተያይዞ ታሪኩ ተደገመ። የበልግ መክሸፍ ጉዳቱ ደግሞ በገብሱ አያበቃም፤ የእርሻ በሬ ሣር ያጣል፣ በቆላው ማሽላ የሚዘራበት የሚያዝያ እርጥበት ይቀራል፣ የክረምቱም እርሻ ሳይታረስ ሰኔ ይገባል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ሰማይን ለምን ትከሳለህ የሚል ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ረሃብ መርምረው ድርቅ ብቻውን ረሃብ እንደማይወልድ፣ ገበሬውን አራቁቶ ያጋለጠው ሥርዓት እንደሆነ ተከራክረዋል። ክፉ ቀንም ቢሆን በድርቅ ብቻ አልመጣም፤ የከብት ቸነፈሩ በሬውን ባይጨርስ ኖሮ መልኩ ሌላ ይሆን ነበር። የ66ቱም ክንድ ይበልጥ የበረታው በምሥራቁ ቆላና ተዳፋት ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የሥርዓቱ ዕውርነት ራሱ ዝናብን ከሚመዝንበት ሚዛን ጋር የተያያዘ ነው። በልግ በአገር ደረጃ ከጠቅላላው የእህል ምርት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከላይ ሆኖ ድምሩን ለሚያይ ሹም የበልግ መቅረት ቀላል ጉድለት ይመስላል። ለለጋምቦ ጋራ ግን ያቺ ትንሽ መቶኛ የዓመቱ ቀለብ ናት። ሥርዓቱ ገበሬውን ሳያይ የቀረው በጭካኔ ብቻ ሳይሆን በሚዛኑም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገበሬው ጋራውን የወጣው መርጦ ሳይሆን መሬት ጠቦት ነው ይላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ጓሳው እየታረሰ ወደ አምባው አፋፍ የተወጣው ሰው ስለበዛ ነው። ሆኖም የመሬት ጥበት ሰውን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል እንጂ ላይ ሲደርስ በየትኛው ወር እንደሚዘራ አያስተምረውም። ይህን ያስተማረው በረዶና ውርጭ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ የደጋው ሰው በረዶን ይመልሳል የተባለ ደብተራ ሲቀጥር፣ ቦረና ላይ ሼሁና ቄሱ በየፊናቸው ለዝናብ ዱአና ምህላ ሲያደርጉ የኖሩበትን ባህል ጠቅሶ፣ ከእንዲህ ያለ እምነት እውቀት አይወጣም የሚል ነው። ደብተራው በረዶውን መለሰው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ለታሪክ የሚጠቅመው ገበሬው ከድካሙ ቆርሶ የከፈለበት ነገር ምን እንደነበር ማየቱ ነው፤ ካፊያን ለማስመለስ የከፈለ ሰው የለም፣ በረዶን ለማስመለስ ግን ከእህሉ የሰጠ ብዙ ነው።

አሁን ወደ መለኪያው ልመለስ። በአገራችን የዝናብ ልኬት በአቪዬሽን ሥር ተወልዶ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ስለዚህ ቀድሞ የተለካው ሰማይ የአውሮፕላን ማረፊያና የመኪና መንገድ ያለበት ሰማይ ነው። ለወሎ ረጅም ዘመን ከተመዘገበላቸው ጣቢያዎች አንዱ ኮምቦልቻ ነው፣ ከፍታውም 1,850 ሜትር ገደማ፤ በእሱ የአምባ ፈሪትን ደጋ መፍረድ የብሩስን ስህተት መድገም ነው። ጣቢያው ደጋ ላይ ቢተከል እንኳ ችግሩ አይፈታም። በመለኪያው ውስጥ የወረደ በረዶ ይቀልጥና በሚሊሜትር ይጻፋል፤ ገብሱን ያራገፈ 20 ሚሊሜትር በረዶ፣ ገብሱን ካበቀለ 20 ሚሊሜትር ካፊያ ጋር በአንድ ዓምድ እኩል ይደመራል። አፈሩን በሚመለከት ይህ ጉዳይ ቀድሞ ታይቷል። የበርን ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት የአፈር ጥበቃ ምርምር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ወሎ ውስጥ ማይባር ላይ ጣቢያ ከፍቶ ዝናብ አፈርን እንዴት እንደሚያጥብ ሲለካ ቆይቷል፤ በትግራይ ደጋ የተደረጉ ልኬቶችም በእኛ ተራሮች የሚወርደው ጠብታ በዚያው የዝናብ ኃይል ከሌላው ዓለም ጠብታ ይልቅ ትልቅ ሆኖ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ትልቅ ጠብታ በፍጥነት ይወርዳል፣ አፈሩን ይመታል፤ ካፊያ ሊያደርግ የማይችለውን ያደርጋል። ለአፈር የተደረገው ይህ ጥንቃቄ ለእህሉና ለታሪኩም ይገባ ነበር።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ላይ ነው። ተማሪዎቻቸው ወደ ለጋምቦ፣ ሳይንትና ወግዲ ወጥተው ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ዝናብ መቼ ጠፋ ብለው ብቻ አይመለሱ፤ በረዶው በየትኛው ዓመት የትኛውን ማሳ እንደመታ፣ ውርጩ በስንተኛው የጥቅምት ቀን እንደገባ፣ የበልግ ዘር መቼ ተጥሎ መቼ እንደታጨደ፣ አባትና አያት በየትኛው ወር ይዘሩ እንደነበር መንደር በመንደር ይጻፉ። የአየር ጠባይ ጣቢያዎቹም ከሚሊሜትሩ ጎን ለበረዶና ለውርጭ የየራሳቸው ዓምድ ይክፈቱ። እስከዚያ ድረስ የዚህ ደጋ የዝናብ ታሪክ በግማሽ የተጻፈ ነው።